«ስንት ኪሎ ሜትር?» ብቻ ሳይሆን «በስንት ሰዓት?» ብላችሁም ጠይቁ

 

ዛሬ ስለ ፈረስ ልጽፍላችሁ ነው። አትሳቁ፣ መጨረሻው እናንተው ጋ ነው የሚደርሰው።

በቅርቡ አንድ የደም ግፊት ታካሚዬ ለክትትል መጣ። ከወራት በፊት «ስፖርት ጀምር» ብዬው ነበር። እሱም ቃሉን ጠብቆ በሳምንት ሦስት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እየተነሳ ይሮጣል። ግፊቱ ግን አልወረደም። ፊቱ ገርጥቷል፣ ቀን ቢሮ ውስጥ ያንቀላፋል።

«ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» አልኩት።

«ስልክ ላይ እቆይና... 7 ሰዓት አካባቢ።»

በቀን አራት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው! ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይተኛል። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔም ነው። ምን ያህል እንደሚሮጥ ነገርኩት እንጂ መቼ እንደሚሮጥና መቼ እንደሚተኛ አልጠየቅኩትም።

ፈረሱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰውም ፈረስም በአንጎሉ ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው ክፍል፣ አንድ ዋና የሰውነት ሰዓት አለው። ይህ ሰዓት በዋናነት የሚሞላው በብርሃን ነው። መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ የሰውነታችን ሙቀት እንደሚጨምር፣ መቼ ሆርሞኖች እንደሚመነጩ ይመራል። ግን ብቻውን አይደለም። ጉበት፣ ልብ፣ ጡንቻ... ሁሉም የየራሳቸው ትናንሽ ሰዓቶች አሏቸው። ዋናው ሰዓት እንደ ኦርኬስትራ መሪ፣ ሌሎቹ እንደ ተጫዋቾች ናቸው በሉት።

በአየርላንድ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ባርባራ መርፊና ባልደረቦቿ በ2014 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጥናት አሳትመዋል። ቶሮብሬድ ከሚባሉት የእሽቅድድም ፈረሶች 6 ባዝራዎችን ወስደው ለ8 ሳምንታት አሠለጠኗቸው። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በተለያየ ጊዜ ከጡንቻቸው ትንሽ ናሙና እየወሰዱ መረመሩ። ውጤቱ? ከጡንቻ ግንባታና ከኃይል አጠቃቀም ጋር የተያያዙ አንዳንድ ጂኖች በቀንና በሌሊት የሚሠሩበት ሁኔታ ከሥልጠናው በኋላ ተለውጦ ተገኘ። በቀላል አማርኛ፦ ጡንቻ ልምምዱን ብቻ ሳይሆን ቀኑን የሚያሳልፍበትን ሥርዓትም ይማራል።

«ዶክተር፣ እኛ ፈረስ ነን እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ 6 ፈረስ ላይ የተሠራ ጥናት ለሰው ማዘዣ አይሆንም። በሰው ላይም ግን ተሞክሯል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንዳሳየው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወይም ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ስፖርት የሰውነትን ሰዓት ወደፊት ያመጣዋል፤ ማለትም ማታ ቀደም ብሎ እንቅልፍ እንዲመጣ ያግዛል። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የሚሠራው ደግሞ ያዘገየዋል።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ፈረስ በቀን ውስጥ በጠቅላላው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያህል ብቻ፣ ያውም ቆራርጦ ይተኛል። ቆሞም ያንቀላፋል። እኛ አዋቂዎች ግን ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገናል። ታካሚዬ ከፈረስ የወሰደው ሩጫውን ሳይሆን እንቅልፉን ነው!

ስለዚህ የእኔ አቋም ይኼ ነው። ሶሻል ሚዲያው ላይ «ሌሊት 11 ሰዓት ያልተነሳ አይሳካለትም» የሚለው ምክር ለብዙ ሰው ጎጂ ነው። ከእንቅልፍ ተሰርቆ የሚሠራ ስፖርት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው የሚቀማ ነው። የእንቅልፍ እጦት በራሱ ደም ግፊትን ይጨምራል፣ የስኳር ቁጥጥርንም ያበላሻል። ሰውነት የሚወደው ጀግንነትን ሳይሆን ወጥነትን ነው።

ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ የመኝታ ሰዓታችሁን ወስኑ። የስፖርቱን ሰዓት ከዚያ ተነስታችሁ ቁጠሩ። 11 ሰዓት ለመነሳት 4 ሰዓት ላይ መተኛት ግድ ነው።

2. የምትችሉትን አንድ ሰዓት ምረጡና አትቀያይሩት። ቅዳሜና እሁድንም ጨምሮ።

3. ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ ከሆነ ስፖርቱን ወደ ጠዋት ወይም ወደ ከሰዓት በኋላ አምጡት። ከቻላችሁ ውጪ፣ ብርሃን ላይ ሥሩ።

4. የሚመቻችሁ ምሽት ብቻ ነው? አትተዉት! ምንም ካለመሥራት በጣም ይሻላል። ከባዱን ልምምድ ግን ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጨርሱ።

5. የሌሊት ተረኞች (ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ ሹፌሮች)፦ ከተረኝነት ወጥታችሁ በድካም ላይ አትሩጡ። መጀመሪያ ተኙ።

6. የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ «ስፖርት ጀምሬያለሁ» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ታካሚዬን ምን አልኩት? መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ ስልኩን ሳሎን ትቶ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲተኛ፣ ሩጫውን ደግሞ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲያደርግ ተስማማን። በሚቀጥለው ወር ግፊቱን እንለካለን። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ለማንም «ስፖርት ሥራ» ስል «በስንት ሰዓት?» የሚለውን ሳልጠይቅ አላልፍም።

እናንተስ በስንት ሰዓት ነው የምትሠሩት? ስንት ሰዓትስ ትተኛላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ሌሊት እየተነሳ የሚሮጥ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።

መልካም እንቅልፍ፣ መልካም ጤና!