ቡናው ለነገ ይቆይ
ባለፈው ሴሚስተር ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ሆስፒታል አንዲት እናታችን ለኒውክሌር የልብ ምርመራ መጥተው ሳይመረመሩ ተመለሱ። ጠዋት ቡና ጠጥተው ነበር፤ የተሰጣቸው መመሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። «ልጄ፣ ቡናን ከምርመራ ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ።

ያገናኘዋል። ካፌይን የልብን የደም ሥሮች ለማስፋት የሚሰጠውን መድኃኒት ሥራ ያግዳል። ስለዚህ ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ በብዙ ቦታም ለ24 ሰዓት ቡናም ሻይም ይቀራል።

«ኒውክሌር» የሚለው ቃልም ያስፈራል። ግን በደም ሥር የሚሰጠው ቴክኒሺየም-99ኤም በየ6 ሰዓቱ ጨረሩ በግማሽ ይቀንሳል። ካሜራው ደም ያጠረውን፣ ገና ሊድን የሚችለውን የልብ ጡንቻ ጠባሳ ከሆነው ይለያል። ከልብ ምት ጋር ተናቦ ሲያነሳ ደግሞ የልብ ግድግዳዎች እኩል መኮማተራቸውን ያሳያል። ሕክምናው የሚወሰነው ይህን አይቶ ነው፤ የባከነ ቀጠሮ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥፋቱ የእናታችን አይደለም። ሆስፒታሎች በአማርኛ ማስረዳት አለባቸው፤ እኛም ሁለት ቋንቋ የምንችል የጤና ተማሪዎች እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ጽፈን በባለሙያ እናሳርም። አማርኛዬ ጎደሎ ነው፤ «ጠባሳ»ን እንኳ እናቴ ጋ ደውዬ ነው ያገኘሁት። መደወል ግን አያቅተንም።