ስሙን ሳይሆን ውስጡን እንይ፦ ለወላጆቻችን የምንልከው ፓፍ



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተን በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የምንኖር ብዙ ነን። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን በኩበትና በእንጨት ጭስ ውስጥ ፈጅተዋል። የደጋው ብርድ ሲጨመርበት ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀምጠው የሚያነጉ አሉ። አንዳንዶቹ አስም አለባቸው፤ ሌሎቹ ሲኦፒዲ የሚባለው፣ ከዓመታት ጭስ በኋላ የአየር ቧንቧን የሚያጠብ የሳንባ ሕመም።

እኛ ደግሞ ፍቅራችንን «ኦርጅናሉን» በማስመጣት እንገልጻለን። ከዐረብ አገር በሚመጣ ሰው አንድ ሴሬታይድ ወይም አንድ ሲምቢኮርት እንልካለን። እናት «ውድ ነው» ብለው ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። ሲያልቅ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ወራት ያልፋሉ። ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል እንላለን።

ለምን? እነዚህ ፓፎች በውስጣቸው ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ የቧንቧውን ብግነት ያበርዳል፤ ሌላው ቧንቧውን ለ12 ሰዓት ያህል ከፍቶ ያቆያል። የሚሠሩት በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሲወሰዱ ነው። ተቀምጦ የሚጠብቅ ፓፍ ብግነቱን አያበርድም።

ሴሬታይድ የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ፍሉቲካሶንና ሳልሜተሮል ነው። የሕንዱ ሲፕላ የሚያመርተው ሴሮፍሎም ውስጡ ያው ነው። ሲምቢኮርት ቡዴሶናይድና ፎርሞተሮል ነው፤ ፎራኮርትም እንዲሁ። በአሜሪካም የመድኃኒት ተቆጣጣሪው አድቬር ዲስከስ ለተባለው፣ ከሴሬታይድ ጋር አንድ ለሆነው መድኃኒት፣ የመጀመሪያውን አቻ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል። አቻ መድኃኒት የድሃ መድኃኒት አይደለም።

ነገር ግን አቻ ሲባል ጥንቃቄ አለው።

አንደኛ፣ አቻ የሚባለው ውስጡ አንድ የሆነው ብቻ ነው። ሴሬታይድና ሲምቢኮርት አቻ አይደሉም። ፎርሞተሮል ቶሎ ይሠራል፤ ሳልሜተሮል ግን ዘግይቶ ስለሚጀምር ትንፋሽ ሲያጥር ለማስታገሻ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መጠኑንና መሣሪያውን እናመሳክር። በዱቄት የሚሠራው በኃይልና በጥልቀት ይሳባል፤ የሚረጨው ተነቅንቆ፣ እየተጫኑ በዝግታ ይሳባል። ሴሬታይድ ዲስከስ በአንድ ጊዜ አንድ ሲሳብ፣ የሚረጨው ሴሬታይድ ሁለት ነው። መሣሪያው ተቀይሮ አሳሳቡን ያላሳየናቸው እናት መድኃኒቱ ምላሳቸው ላይ ይቀራል፤ ከዚያ «ርካሹ አይሠራም» ይባላል። ከሳቡ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉ።

ሦስተኛ፣ ከሻንጣ ሳይሆን ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይገዛ። በሲኦፒዲ ስቴሮይድ ያለበት ፓፍ ለሁሉም አያስፈልግም።

ቬንቶሊን ብቻ ይዘው የሚኖሩም አሉ። እሱ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አይነካም። የዓለም የአስም ሕክምና መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስም ያለበት አዋቂ በእንዲህ ያለው ማስታገሻ ብቻ እንዳይታከም ይመክራል።

ረመዷንም ቢሆን የጠዋትና የማታው ሰዓት ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል። በመሐል ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ጾም ብለው አይታገሡ፤ አላህ ለበሽተኛ በሌላ ቀን የመተካትን ፈቃድ ሰጥቷል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቤት እንደውል። የፓፉን ካርቶን ፎቶ አንስተው ይላኩልን። ፋርማሲስቱን «ውስጡ አንድ የሆነ፣ በየወሩ የምናገኘው የትኛው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለአንድ ውድ ካርቶን ያሰብነውን ገንዘብ ለዓመቱ 12 ወራት እናከፋፍለው። ወንድምና እህት ከተካፈለው ይቻላል። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆኑም የሚሸፍነውን እንጠይቅ። ለእናት የሚበጃት ስሙ የገነነው ፓፍ ሳይሆን የማይቋረጠው ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥ። ወላሁ አዕለም።