የሃሎዊን ጌጥ ከጓዳ ይውጣ እንጂ ከኪስ አይውጣ

ባለፈው የግብር ሰሞን አንድ ባለሱቅ ደረሰኞቹን ሲያስረክበኝ በመካከላቸው የ180 ዶላር የፕላስቲክ አጽምና የሸረሪት ድር አገኘሁ። «ይህ የሱቁ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «የቤቴ ግቢ ነው፤ ግን በሱቁ ሒሳብ አስገባልኝ እንጂ ወንድሜ» አለኝ። አላስገባሁለትም። ለመኖሪያ ቤት የወጣ ገንዘብ የግል ወጪ ነው፤ ከንግድ ገቢ አይቀነስም። ለሱቁ መስኮት የተገዛ ቢሆን ኖሮ ደረሰኙ ተይዞ በማስታወቂያ ወጪ ይገባ ነበር።

ነገሩ ግን ከግብርም ያልፋል። እዚህ አሜሪካ ኦክቶበር 31 ሲደርስ ብዙዎቻችን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «የሰይጣን በዓል ነው» ብለን የደጁን መብራት አጥፍተን እንቀመጣለን፤ ወይም ልጆቻችን ከጎረቤት እንዳያንሱ ስንል ሌሊቱን ታክሲ ነድተን ያገኘነውን ለአንድ ምሽት ጌጥ እናፈሳለን። እኔ ሁለቱንም አልደግፍም።

በዚያ ምሽት መብራቱ የጠፋ ደጅ «አትምጡብኝ» ማለት ነው። ከረሜላ ፍለጋ ልጆቻቸውን ይዘው የሚዞሩት ወላጆች ደግሞ በማግስቱ ከሱቃችን ወተትና ዳቦ የሚገዙት ሰዎች ናቸው። ልማዱን ወደዚህ አገር በብዛት ያመጡትም እንደ እኛው ስደተኞች፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡት አየርላንዳውያን ናቸው። በአገራቸው የሥር አትክልት እየፈለፈሉ መብራት ይሠሩ ነበር፤ እዚህ ሲመጡ ዱባ አገኙና በዱባ ሠሩ። ያገሩን በሬ ባገሩ ሰርዶ ይሏል ይህ ነው።

ዕቃው ከቤታችን አይጠፋም። የአንድ ጋሎን የወተት ፕላስቲክ አጥባችሁ በጥቁር ማርከር ዓይንና አፍ ሣሉበት። ከጀርባው ቀዳችሁ ነፋስ እንዳይጥለው ጥቂት አሸዋ ጨምሩበት፤ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ስታስገቡበት መግቢያውን ያደምቃል። ያረጀ ነጭ አንሶላ፣ ጋዜጣ ጨምድዳችሁ ጭንቅላት አድርጋችሁለት፣ በሲባጎ ከዛፍ ብታንጠለጥሉት መንፈስ ይመስላል። ባለሱቆች የምትጥሉት ካርቶን ተቆርጦ ጥቁር ሲቀባ የሌሊት ወፍ ይሆናል። እምነቱ ይህን የማይፈቅድለት ሰው ዱባና የረገፈ ቅጠል ብቻ ቢደረድር ማንም አይቀየመውም። ሻማ ግን ይቅርባችሁ፤ አንሶላና ካርቶን ፈጥነው ይቀጣጠላሉ።

ታክሲ ነጂው አባት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ከልጆቹ ጋር አንድ ሰዓት ካርቶን ቢቆርጥ የሚያጣው ጥቂት ነው። ልጆቹ ያችን ሰዓት አይረሷትም።

በመጨረሻ አንድ የሒሳብ ማሳሰቢያ አለኝ። ባለሱቆች፣ ለቤታችሁ ከመደርደሪያው ከረሜላ ስታነሱ በደብተር ጻፉት። ለግል የተነሳ ዕቃ በስኬጁል ሲ ላይ ከግዢው መቀነስ አለበት። ከዚያ በኋላ መብራታችሁን አብርታችሁ ጎረቤቶቻችሁን በደስታ ተቀበሉ።