ሐዲዱ በደጃችን፣ መንገደኛው በመናኸሪያ



ድሮ ባቡር ጣቢያ ሲባል ለገሐር ነበር፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሐዲድ ማብቂያው እዚያ ነበርና። ዛሬ ጣቢያው እዚሁ ለቡ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ።

ታዲያ ምን ያደርጋል! ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለለቅሶ ቢሾፍቱና አዳማ የሚሄደው ጎረቤታችን ዛሬም ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ቃሊቲ መናኸሪያ ይሰለፋል። የመንገደኛው ባቡር ድሬዳዋ ለሚዘልቅ እንጂ ጠዋት ሄዶ ማታ ለሚመለስ የታሰበ አይደለም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

እኛ አዲስ ሐዲድ ይነጠፍ አላልንም። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ድርብ ነው፤ ሂያጁ መጪውን ቆሞ አይጠብቅም። ነጠላ የሚሆነው ከአዳማ ወዲያ ነው። ስለዚህ ከለቡ ተነስቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል አዳማ ደርሶ የሚመለስ ባቡር ጠዋትና ማታ ቢመደብልን፣ እስከ ጣቢያው ድረስም ታክሲ ቢሠራ፣ የስንቱ ድካም በቀለለ ነበር።

ነገሩ ግን በወሬ አይሆንም። ወደዚያ የሚመላለስ ሁሉ የሚሄድበትን ቀንና ሰዓት በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። ቁጥሩን ይዘን ለሚመለከተው ክፍል እናቀርባለን። እስከዚያው ከብት ሐዲድ ላይ አንልቀቅ፤ ልጆቻችንንም ከአጥሩ እናርቅ። ባቡር ይጨመርልን የሚል ሰፈር፣ ያለውን ሐዲድ መጠበቅ አለበት።

ዝግጅት ክፍሉ