ከጋዙ በፊት አየሩ ይታይ

ጎንደር ውስጥ መኖሪያ ቤቱን በኤሲ የሚያቀዘቅዝ ሰው ብርቅ ነው፤ ደጋው ራሱ ይበቃል። የባንክና የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ክፍል ግን ሌሊትም ሙቀት ስለሚያመነጭ መሣሪያው አያርፍም። የውስጡ ማቀዝቀዣ ኮይል በረዶ ጋግሮ ነፋሱ ሲደክም ደግሞ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ጋዝ አልቋል፤ ይሞላ»። ይህ ፍርድ የትም ቢሆን ችኩል ነው፣ በደጋ ከተማ ግን ይብሳል።

በደህናው ጊዜ ኮይሉ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ እንዳይወርድ የሚጠብቀው በላዩ የሚያልፈው የክፍሉ ሙቅ አየር ነው። አየሩ ሲያንስ እርጥበቱ ኮይሉ ላይ ይረጋል፣ የረጋው በረዶም የቀረውን መተላለፊያ ይዘጋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከቆላው የሳሳ ነው፤ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ለኮይሉ የሚያደርሰው ሙቀት ያነሰ ነው። የበጋ አቧራ የደፈነው ማጣሪያ ሲታከልበት ውጤቱን መገመት አይከብድም። ከሁሉ የሚዘነጋው ግን ሌሊቱ ነው። የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ (ደባርቅ ከተማ ላይማ ከዚያም በታች ነው) በውጭው አካል ያለው ግፊት ይወድቃል፣ የውስጡም ኮይል አብሮ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ቀን ደህና ሠርቶ ሌሊት በረዶ የሚጋግር መሣሪያ ጋዙ አንድ ግራም ያልጎደለ ሊሆን ይችላል። ለብርድ ሌሊት የሚሆን መቆጣጠሪያ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ጨረታው ስለ ማቀዝቀዝ አቅም (ቢቲዩ) ብቻ ከጠየቀ ግን ማንም አያቀርባቸውም።

ጋዝ ሲጎድልም በረዶ ይጋገራል የሚሉ ባለሙያዎች ልክ ናቸው። ነገር ግን ጋዙ በተዘጋ ቱቦ የሚዞር ነው፤ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነውና ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ገንዘብን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው። ጉዳቱም በገንዘብ አያበቃም፦ በአሮጌ መሣሪያዎች ያለው አር-22 የተባለው ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,800 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ የማሞቅ አቅም አለው፣ ኦዞንንም ይጎዳል። የ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ ሲሻሻል ቀስ በቀስ ከአገልግሎት እንዲወጣ የወሰነውም ኦዞንን ስለሚጎዳ ነው። ማጽዳት ገቢ የለውም የሚለው የጥገና ባለሙያ ቅሬታ እውነት አለው፤ ደንበኛው ለጋዝ እንጂ ለማጽዳት መክፈል አይወድም። ያንን የሚያስተካክለው የመሥሪያ ቤቱ ውል ነው፦ ማጣሪያውን በየወሩ ማጠብ፣ ጋዝ ከመጨመሩ በፊት ግፊትና የአየር ፍሰት ለክቶ በጽሑፍ ማሳየት። ከዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ውጭው 10 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ኮምፕረሰር ለምን ይሠራል? የውጭው ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ይግባ ሲባል አቧራና ሌባም ይገባል ይባላል፤ ለአቧራው ማጣሪያ ያለው ማራገቢያ፣ ለሌባው የብረት ፍርግርግ አለ።