ሩሯ ከላስታ ስትወጣ

ታኅሣሥ 29፣ የገና ጠዋት፣ ላስታ ላሊበላ ውስጥ፣ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ተዘምሮ ሲያበቃ፣ የእኔ ዓይን ሜዳ ይፈልጋል። ለገና ጨዋታ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላና አንዲት ሩር፣ ማለትም ኳስ፣ ይበቃሉ፤ የሜዳው ዳር የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ጌታም በሎሌው አይቆጣም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ግን ለጨዋታው ደንብ አውጥቶ ክልሎችን ያወዳድርበታል።

ይህ እትም የጨዋታን ደንብ የሚወስነው ማን ነው ብሎ ከዚህ ተነስቶ ራግቢ ድረስ ይሄዳል። ራግቢ ዩኒየን እ.ኤ.አ. በ1995 ለተጫዋቾች ክፍያን ፈቀደ፤ በ2019 የዓለም ዋንጫውን ጃፓን አደረሰ። በዓለም ራግቢ ምክር ቤት ግን ነባሮቹ አገሮች ከብዙዎቹ በላይ ሦስት ሦስት ድምፅ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እንግዳ ጠርቶ ማዕዱን እንደ መሸሸግ ነው፣ ለእኔ። የገና ጨዋታ ደንብ ሲጻፍ የላስታ ሽማግሌዎችስ ምን ይላሉ? ጸሐፊዎቻችን እስከ ጨዋታው ሜዳ ወርደው ጠይቀዋል።