ከጎርፍ በኋላ የሚሰጥ 5,000 ፓውንድ
የብሪታንያ መንግሥት በ2014 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ቤታቸውን ላበላሸባቸው የእንግሊዝ ነዋሪዎች ቀጣዩን ጎርፍ የሚቋቋም ጥገና እንዲያካሂዱ እስከ 5,000 ፓውንድ ድጎማ ፈቀደ። በ2015 ዴዝመንድ የተባለው ማዕበል ካምብሪያን ሲያጥለቀልቅም፣ በ2023 ባቤት ሲከተልም ጣሪያው ያው 5,000 ነበር፤ የግንባታ ዋጋ ግን ባለበት አልቆመም። ውኃ የማያሳልፍ በር፣ ከፍ ብሎ የተተከለ ሶኬት፣ ፍሳሽ እንዳይመለስ የሚያግድ መዝጊያ በአንድነት በዚህ ገንዘብ ላይሟሉ ይችላሉ። ፍለድ ሪ የተባለው የመድን ዋስትና መርሐ ግብር ከ2022 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ እስከ 10,000 ፓውንድ ይፈቅዳል፤ ይህም በአባል ኩባንያዎች መድን ለገባ ብቻ ነው። መድን መግዛት ላቃተው የሚተርፈው ግማሹ መሆኑ፣ በእኔ እይታ፣ የተገለበጠ አሠራር ነው። ግድግዳ በሚጋሩ ቤቶች ደግሞ ውኃው በጎረቤት በኩል ስለሚሰርግ፣ ድጎማው በነጠላ ቤት ሳይሆን በረድፍ ሊሰላ ይገባል።